አርባ ላይ የቆመው ሽንኩርት

ሴትዮዋን በእውነተኛ ስሟ የሚያውቃት የመሥሪያ ቤቷ የደመወዝ መዝገብ ብቻ ነው። ገበያው «እትዬ ስንትነው» ይላታል። ስሙ የወጣላት ከሃያ ዓመት በፊት፣ ቅጿን ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ ከሱቅ ሱቅ እየዞረች «ስንት ነው?» ማለት የጀመረች ሰሞን ነው። ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ አመስግና ትሄዳለች። አትገዛም። ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ የሚሄድ ሰው የነጋዴን አንጀት እንዴት እንደሚያሳርር ነግዶ ያየ ያውቀዋል፤ እነሱም ስም አውጥተው ተበቀሏት።

ሥራዋ እንዲህ ነው። በየወሩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ የሰማንያ አራት ነገሮችን ዋጋ ትመዘግባለች። ሽንኩርት ከአንዲት ሻጭ ብቻ፣ መካከለኛውን፣ አንድ ኪሎ። የልብስ ሳሙና ከጥጉ ሱቅ፣ ሰማያዊ ወረቀት የለበሰውን፣ ሁለት መቶ ግራም። የወንድ ፀጉር መቆረጥ፣ ጢም ሳይጨምር። ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር፣ የጫማ ሶል ማስቀየር፣ አንድ ኪሎ ምስማር። ሱቁ አይለወጥም፣ መጠኑ አይለወጥም፣ ዓይነቱ አይለወጥም፤ መለወጥ የሚፈቀድለት ዋጋው ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ቁጥር ተደምሮና ተካፍሎ አንድ ቁጥር ይወጣል፣ የዋጋ ኢንዴክስ የሚባለው። ኑሮ ከአምና ዘንድሮ ምን ያህል እንደተወደደ በመንግሥት ፊት የሚመሰክረው እሱ ነው። እትዬ ስንትነው ይህ ቁጥር ባደገ ቁጥር ታዝናለች፤ ግን ከእውነተኛ ቁመቱ አንዲት ጣት አታሳጥረውም።

ለራሷ ያወጣችው ሕግም ነበራት፤ ከምትመዘግብበት ሱቅ ምንም አትገዛም። «ዛሬ አንድ ራስ ሽንኩርት ከመረቁልኝ ነገ እርሳሴ ይንሸራተታል» ትላለች። ስለዚህ የቤቱን አስቤዛ የሚገዛው ባሏ ነበር፣ ድልድዩን ተሻግሮ ከማዶው ገበያ። አናጺ ነበር፣ ጨዋታ የሚወድ፣ አንድ ኪሎ ቲማቲም ሊገዛ ወጥቶ ከሦስት ሰው ጋር ተዋውቆ የሚመለስ። የዛሬ አስራ አንድ ወር ምሳውን በልቶ፣ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብሎ፣ በዚያው ቀረ። እትዬ ስንትነው አልቅሳ ቀበረችው፣ ጥቁር ለበሰች፣ የሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ሲደርስ ቅጿን ታቅፋ ገበያ ወጣች። አንድም ዙር አላለፋትም።

ከዚያ ወዲህ የገበያው ፀባይ ተለወጠባት። ድሮ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ነበር ተረቡ የሚጀምረው። በተለይ ሽንኩርት ሻጯ፣ ምላሷ ከቢላዋ የሰላ ሴት፣ «መጣች! ሳትገዛ የምታረጅ!» ሳትላት አታልፍም ነበር። አሁን ግን «ነይ እህቴ፣ አረፍ በይ» ብቻ ሆነ። ሁሉም ዋጋ ሲነግሯት ድምፃቸው ይለሰልሳል፣ ዓይናቸው ሚዛኑ ላይ ወይም ጫማዋ ላይ ያርፋል። ዋጋ የሚጻፍባቸው ካርቶኖች እንኳ ስርዝ ድልዝ ጠፍቶባቸው፣ ንጹሕ ሆነው ነበር የሚጠብቋት። ገበያው ሠለጠነ አለች በሆዷ።

አንድ ያሳሰባት ነገር ቢኖር የጋሼ ፖስታ ሳል ነው። ጋሼ ፖስታ የባሏ የልብ ወዳጅ፣ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ በገበያው መግቢያ፣ ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። እሷ ብቅ ስትል ጠንከር አድርገው ሁለት ጊዜ ይስላሉ። ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ። አዝናላቸው የሳል ሽሮፕ ገዝታ ብታመጣ፣ ፊታቸውን አጨማደው አንድ ማንኪያ ፊቷ ጠጡላት።

ነገሩ የተነሳው መሥሪያ ቤቱ አዲስ ኃላፊ ሲመጣለት ነው። ወጣት ነው፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሰው ሲያናግር እንኳ በልቡ የሚደምር የሚመስል። በመጣ በወሩ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ እትዬ ስንትነውን ቢሮው አስጠራት። ግድግዳው ላይ አራት መስመሮች የተሰመሩበት ትልቅ ወረቀት ለጥፏል። በከተማው የሚመዘገቡት ገበያዎች አራት ናቸው፤ ሦስቱ መስመሮች ተያይዘው ዳገት ይወጣሉ፣ አራተኛው ከታች ተጋድሟል።

«እትዬ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል ልጄ፣ ሥራ አለብኝ።»

«የእርስዎ ገበያ ሽንኩርት ስንት ነው?»

«አርባ።»

«አምና ይሄኔስ?»

«አርባ።»

«ሽንኩርት ነው ወይስ ሐውልት?» አለ፣ ሳይስቅ። «ማዶ ሰባ ስድስት ገብቷል። ሦስቱም ገበያ በዓመት ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት በመቶ ጨምሯል። የእርስዎ አንድ በመቶ ነው።»

«ማዶ ያሉት ዘራፊዎች ናቸው።»

ኃላፊው እጁን አጣመረ። «ሌላ ቦታ ስሠራ ያየሁትን ልንገርዎት። ገበያ ሳይወጡ፣ ቤታቸው ቁጭ ብለው ያለፈውን ወር ቁጥር የሚገለብጡ ሠራተኞች ነበሩ።»

እትዬ ስንትነው ክው አለች። በሃያ ዓመት ውስጥ ዝናብ፣ ፀሐይ፣ የታመመ ጉልበት፣ የባል ሞት እንኳ ከገበያ አላስቀራትም። ቤቷ ቁጭ ብላ!

«የዛሬ ሳምንት የከተማው ቁጥር ይወጣል» አለ ኃላፊው፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የጡረተኞች ዓመታዊ ጭማሪ የሚሰላው በዚያ ቁጥር ልክ ነው። የከተማው ሕዝብ ግማሹ የሚገዛው ከእርስዎ ገበያ ስለሆነ፣ ከሁሉም የሚከብደው የእርስዎ ቁጥር ነው። ውሸት ከሆነ ስንት ሽማግሌ ይጎዳል። እስከ ረቡዕ ማታ ካላስረዱኝ፣ የአስራ አንድ ወሩን ሥራ ሰርዤ እርስዎንም ከቦታዎ አነሳለሁ። ጡረታዎ ሁለት ዓመት እንደቀረው አውቃለሁ። አዝናለሁ።»

«አትዘን» አለች፣ እርሳሷን ከጆሮዋ ነቅላ ወደተጋደመው መስመር እየቀሰረች። «ሰኞ ዙሬ ይጀምራል። ጫማህን አጥብቀህ ና፣ አብረን እንዞራለን።»

ቅዳሜ ልጇ ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች። ልጅቷ አባቷ ከሞተ ወዲህ እናቷ ዘንድ ገብታለች፤ አስቤዛ መግዛቱንም ከእናትየው ጋር መጨቃጨቁንም የወረሰችው ከአባቷ ነው።

«እማ፣ ዛሬ ደግሞ ሰባ ስምንት አሉኝ።»

«ሞኝ አገኙ።»

«ሰዉ ሁሉ በሰባ ስምንት ነው የሚገዛው!»

«እኔ ገበያ አርባ ነው። በጽሑፍ የሰፈረ ነገር ነው።»

«እንግዲያው ከዚያው ግዢልኛ!»

«ከምመዘግብበት አልገዛም፣ ታውቂያለሽ።»

«እሺ እኔ ሄጄ ልግዛ።»

«አንቺም እኔ ማለት ነሽ።»

ልጅቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። ዓይኗ ከሽንኩርቱ የተነሳ እያነባ ነበር። «እማ፣ አንቺ የምትይውን ሽንኩርት ገዝቶት የሚያውቅ፣ በልቶት የሚያውቅ ሰው የለም። ወረቀት ላይ ብቻ የሚበቅል ሽንኩርት ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር። ያን ቀን ግን ነገሩ ውስጧ ገብቶ እስከ ሰኞ ጧት ሲከነክናት ሰነበተ።

ሰኞ ኃላፊው እንደተባለው ጫማውን አጥብቆ መጣ። ገበያው መግቢያ ላይ ጋሼ ፖስታ ሁለት ጊዜ ሳሉ።

«አይዞዎት ጋሼ፣ ሽሮፑን አላቋረጡትም አይደል?» አለቻቸው እያለፈች።

«እየጠጣሁ ነው ልጄ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈው ሰውዬ ላይ ነበር።

ፀጉር አስተካካዩ ሠላሳ አለ። ባለ ሳሙናው አስራ ስምንት አለ። ደብተሩ፣ ሶሉ፣ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ሁሉም ባለፈው ወር የነበረበት ቦታ ነው። ኃላፊው የራሱን ማስታወሻ ይዞ ከኋላ ከኋላዋ እየጻፈ፣ በየሱቁ ቅንድቡን ከፍ እያደረገ ተከተላት። እሷ ደግሞ በየሱቁ ቁመቷ የሚጨምር መሰላት። ሽንኩርት መደብ ጋ ሲደርሱ ደረቷን ነፍታ፣ ድምፅዋን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠየቀች።

«ስንት ነው?»

ሽንኩርት ሻጯ ዓይኗን ሚዛኑ ላይ ተክላ «አርባ» አለች።

እትዬ ስንትነው ወደ ኃላፊው ዞረች። «ሰማህ? በገዛ አፏ ነው የተናገረችው። ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው?»

ኃላፊው አፈረ። ማፈሩም ታየበት። «እትዬ፣ ይቅርታ ሳልጠይቅዎት...» ብሎ ጀመረና፣ የሰው ነገር፣ ዓይኑ ቁልሉ ላይ አረፈ። ደረቅ፣ ክብ፣ ደህና ሽንኩርት ነው። «ለካ እናቴ ሽንኩርት ጨርሳለች። በአርባ ከሆነማ አምስት ኪሎ ስጪኝ።»

ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። አስራ አንድ ወር ሙሉ የተጠየቀው ዋጋው እንጂ ሽንኩርቱ አልነበረም። የሽንኩርት ሻጯ እጅ ሚዛኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ወደ በርጩማው አየች፤ ጋሼ ፖስታ አንዴ ሳሉ፣ ሁለቴ ሳሉ፣ ሦስተኛው ግን እውነተኛ ሳል ሆኖ ትን አላቸው። ምን ታድርግ፣ አርባ ብላለች። አንድ ኪሎ መዘነች፣ ሁለት ኪሎ መዘነች፣ እያንዳንዱን ራስ እንደምትሰናበተው አድርጋ እያነሳች።

ከኋላ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት አንገቷን ብቅ አደረገች። «ስንት አልሽው?»

«ለ... ለእሱ ነው።»

«አርባ ስትይው ሰምቻለሁ እኮ! እኔ ትናንት በሰባ ስምንት ነው የወሰድኩት! በይ ሦስት ኪሎ መዝኚልኝ!»

«አርባ ገባ?» አለ ሌላው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። «ሽንኩርት አርባ ገብቷል!» የሚለው ወሬ ከመደብ መደብ እየዘለለ ገበያውን አዳረሰው። ዘንቢል ያለው በዘንቢል፣ ፌስታል ያለው በፌስታል፣ አንዱማ ባርኔጣውን ገልብጦ መጣ። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ የነበረ ሰው ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳሰረ ሮጦ ደረሰ። ሚዛኑ ተንገዳገደ፣ ቁልሉ ተናደ። ሽንኩርት ሻጯ ሁለት እጇን ዘርግታ ሽንኩርቷ ላይ ተኛችበትና ጮኸች፦

«አርባ ለሐዘንተኛ ነው! ሐዘንተኛ ያልሆነ ሰባ ስምንት ይክፈል!»

ግፊያው ቆመ። ግማሽ ራሱን የተላጨው ሰውዬ «የማን ሐዘን?» አለ ቀስ ብሎ። የሁሉም ዓይን የእትዬ ስንትነው ጥቁር ልብስ ላይ አርፎ ነበር።

ቀድሞ የነቃው ኃላፊው ነው። ቁልሉ ላይ ተሰክቶ የነበረውን «40» የሚል ንጹሕ ካርቶን አንስቶ ገለበጠው። በጀርባው 44 ተጽፎ ተሰርዟል። 47 ተሰርዟል። 52፣ 55፣ 61፣ 70፣ ሁሉም ተሰርዘዋል። ከሁሉም በታች ያልተሰረዘ 78 አለ። ወደ ጥጉ ሱቅ ሄዶ የሳሙናውን ገለበጠ፤ ያው ነው። የደብተሩን ገለበጠ፤ ያው። እትዬ ስንትነው የሳሉ ነገር የገባት ያኔ ነው።

«ጋሼ ፖስታ» አለች። «ያ ሽሮፕ...»

«አበባው ላይ ነው የማፈሰው» አሉ ጋሼ ፖስታ አንገታቸውን ደፍተው። «አበባው ግን ተስማምቶታል።»

ደሟ ፈላ። «አስራ አንድ ወር!» አለች። «በሃያ ዓመት አንዲት ቁጥር ዋሽቼ አላውቅም፣ እናንተ በእጄ አስራ አንድ ወር ሙሉ ውሸት አስጻፋችሁኝ! ምን በድያችሁ ነው?»

ሽንኩርት ሻጯ ከሽንኩርቷ ላይ ተነሳች። ልብሷን አራግፋ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷን ቀጥ ብላ አየቻት። «አንቺ፣ ዋጋ ሲጨመርብሽ ፊትሽ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? ከገዛ ጉሮሮሽ የተነጠቀ ነው የሚመስለው። ትጨማደጃለሽ። ‹አይ የሰው ኑሮ› ትያለሽ። ያን ሰኞ ጥቁር ለብሰሽ፣ እርሳስሽን ጆሮሽ ላይ ሰክተሽ ከች አልሽ። እኔ ደግሞ አርባ አራት ገብቶብኝ ነበር። ልነግርሽ አፌን ከፈትኩ፣ ፊትሽን አየሁት፣ አቃተኝ። በባል ሞት ላይ ሽንኩርት እንዴት ልጨምርብሽ?»

«እሷ አርባ ካለች እኔ ብቻዬን ጨካኝ ልሁን?» አለ ባለ ሳሙናው ከወደኋላ።

«ያስተባበርኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ ፖስታ። «ሐዘኗ ዓመት እስኪሞላው ማንም እንዳይጨምርባት ብዬ አዘዝኩ። ምስማር ሻጩ ብቻ አንድ ቀን ረስቶ እውነቱን ነገረሽ፤ ሳምንት ሙሉ አላናገርነውም።»

«አንዷን በመቶ ያመጣት ምስማሩ ነው» አለ ኃላፊው ለራሱ፣ እየጻፈ።

እትዬ ስንትነው የሽንኩርት ጆንያ ላይ ቁጭ አለች። ልትቆጣ ፈልጋ ቁጣው ጠፋባት። አስራ አንድ ወር ሙሉ ሐዘኗን ብቻዋን የተሸከመች መስሏት ነበር፤ ቤት ስትገባ ቤቱ ጭር ይልባታል፣ ገበያ ስትወጣ የሚተርባት የለም። ለካ ይህ ሁሉ ሰው፣ ለአንዲት ሽንኩርት የሚጨቃጨቀው ሁሉ፣ እሷ እንዳትከፋ ብሎ ኑሮን ካርቶን ጀርባ ደብቆላት ኖሯል። እንባዋ መጣ፣ ከእንባው ጋር ሳቅ መጣ፣ ሁለቱ ተጋፍተው ትንፋሽ አሳጧት። ደስ አላት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ሽንኩርት ሻጯም አለቀሰች፤ ብትጠየቅ ግን ሽንኩርቱ ነው ብላ ካደች።

«እሺ፣ አሁን ስሙኝ» አለች እትዬ ስንትነው አፍንጫዋን ጠርጋ። ከባለ ዘንቢሏ ሴት እጅ ዘንቢሉን ተቀብላ ከፍ አደረገችው። «የአንድ ቤት የወር ፍጆታ በሙሉ እዚህ ውስጥ ገባ እንበል፤ ሽንኩርቱም፣ ሳሙናውም፣ ፀጉር መቆረጡም። አምና ይህን ዘንቢል መቶ ይሞላው ነበር። ዘንድሮ መቶ ሃያ ሁለት ከፈለገ፣ ኑሮ ሃያ ሁለት በመቶ ተወደደ ብዬ እመሰክራለሁ። ጡረተኛ ዘንቢሉ እንዳይጎድልበት ገንዘቡ በዚያው ልክ ይጨመርለታል። በእናንተ ቸርነት ግን እኔ ‹ዘንቢሉ ዘንድሮም ያው በመቶ ይሞላል› ብዬ መስክሬያለሁ። ስለዚህ ዓርብ ለጡረተኛ የሚጨመርለት...»

አልጨረሰችውም። የገበያው ራስ ሁሉ ባንዴ ወደ ጋሼ ፖስታ ዞረ።

የጋሼ ፖስታ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ታየ፤ እያሰሉ ነው። «ማለት...» አሉ። «ማለት እኔ በገዛ ሳሌ?» ከዚያ ከበርጩማቸው ብድግ ብለው፣ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ በፖስተኝነት ዘመናቸው እንኳ ባላሰሙት ድምፅ ጮኹ፦ «ምን ትጠብቃላችሁ! ካርቶኑን ገልብጡ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ገበያው እስከ ዛሬ ያወራዋል። እትዬ ስንትነው ዙሩን ከመግቢያው እንደገና ጀመረች፣ ሕዝቡ ከኋላ ተከተላት። «ስንት ነው?» «ሠላሳ ስድስት!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ተጨበጨበ። «ሳሙናስ?» «ሃያ ሁለት!» አሁንም ተጨበጨበ። የዘይቱ ሲጠራ አንዲት ሴት «ወይኔ ጉዴ» ብላ ራሷን ያዘችና ትዝ ሲላት እሷም አጨበጨበች። ግማሽ ራሱን የተላጨው ሰውዬ የተላጨው ግማሽ በሠላሳው ዋጋ እንዲታሰብለት ተከራከረ፤ አልተሳካለትም። ኃላፊው ያለማንም ጠያቂ አምስት ኪሎውን በሰባ ስምንት ሒሳብ ለሽንኩርት ሻጯ ከፈለ፣ የሸሚዙንም የላይ ቁልፍ ፈታ።

የዛሬው ዋጋ ተገኘ፤ ያለፈው አስራ አንድ ወርስ? ካርቶኖቹ ላይ ቁጥሮቹ አሉ፣ ቀን ግን የላቸውም። ማክሰኞና ረቡዕ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ውስጥ ካርቶን ተቆልሎ፣ ነጋዴው በየተራ እየገባ መሰከረ። «ሃምሳ ሁለት የገባው የባለ ሳሙናው ልጅ የተዳረች ሳምንት ነው።» «የለም፣ ከሠርጉ በፊት ነው፤ ለሠርጉ በሃምሳ ሁለት አይደል እንዴ የገዛሁሽ!» «ስልሳ አንድ ድልድዩ የተዘጋ ጊዜ ነው።» ኃላፊው እያንዳንዱን ከሌሎቹ ሦስት ገበያዎች ጋር ሲያስተያየው ገጠመ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ። ረቡዕ ማታ አራተኛው መስመር ከተጋደመበት ተነስቶ ከሦስቱ ጎን ዳገቱን ወጣ።

የማረሚያው ቅጽ ላይ «የስህተቱ ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ኃላፊው ብዙ ካሰበ በኋላ «ነጋዴዎቹ ሠራተኛዋን ይወዷታል» ብሎ ጻፈ። ሊሰርዘው እስክሪብቶውን አነሳ፣ ግን ተወው።

«ቤትዎ ቁጭ ብለው ነው ማለቴ...» አላት።

«ተወው ልጄ። ባትጠረጥረኝ ኖሮ ዛሬም ወረቀት ላይ የሚበቅል ሽንኩርት እጽፍ ነበር።»

ዓርብ የከተማው ቁጥር ወጣ፤ ሃያ ሁለት በመቶ። ጋሼ ፖስታ ጭማሪያቸውን ሲሰሙ የሽሮፑን ባዶ ጠርሙስ አጥበው፣ ከአበባው ቆርጠው ሰክተውበት ለእትዬ ስንትነው ሰጧት። እሷም ጠርሙሱን ይዛ ቤት ገባችና ልጇን «ሽንኩርትሽ ልክ ነበር» አለቻት። ልጅቷ «በጽሑፍ ይስፈርልኝ» አለች። በጽሑፍ ሰፈረላት፣ ከነፊርማው።

በሚቀጥለው ወር ዓመቱ ሞላ። እትዬ ስንትነው ጥቁሩን አውልቃ፣ ባሏ የሚወድላትን ባለ ሰማያዊ አበባ ቀሚስ ለብሳ፣ የሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ገበያ ወጣች። ጋሼ ፖስታ አልሳሉም። ካርቶኖቹ ስርዝ ድልዝ በስርዝ ድልዝ ሆነዋል፤ እንደዚያ ቆሽሸው ስታያቸው ደስ አላት። ቢሆንም ሽንኩርት መደቡ ጋ ስትደርስ ልቧ ፈራ። እንደገና «ነይ እህቴ፣ አረፍ በይ» ብትላትስ?

«ስንት ነው?» አለች።

ሽንኩርት ሻጯ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ዓይኗ ላይ ተክላ፣ «ሰማንያ ሁለት!» አለቻት።

«ምን? በአንድ ወር አራት ጨመርሽ?»

«አንቺ ምን አገባሽ? ትገዢ ይመስል! ሃያ ዓመት ሙሉ ስትጠይቂኝ አንዲት ራስ ገዝተሽኝ ታውቂያለሽ? ሂጂ ወዲያ፣ ሳትገዛ የምታረጅ!»

እትዬ ስንትነው ሰማንያ ሁለትን በጥንቃቄ ጻፈች። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ መለሰች። ቆማ ቀረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ፊቷ በሙሉ ይስቃል።

«ምነው፣ አስከፋሁሽ እንዴ?» አለች ሽንኩርት ሻጯ ደንግጣ።

«የመጨረሻዋን ድገሚልኝ» አለቻት።

ሽንኩርት ሻጯም ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ደገመችላት።